በውሰት ወጥተው ለጥናት ስለቀሩት ሦስት የቆዳ ቦርሳዎች

ለክቡር አቶ ደምሴ
የጉና ሥር የእጅ ሥራ አውደ ርዕይ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ባለቤትዎ ወይዘሮ ዘነበች፣ እንዲሁም ቀን ከሌት የማይለይዎ የኃላፊነት ሸክም እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ክር ለመሰካት አልሰነፈም፣ እጄም ከወስፌ ጋር አልተጣላም። የእርስዎን ጤንነት መጠየቄ ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ በየድግሱ ላይ ሲስተናገዱ ከተማው ሁሉ እያየ ስለሚመሰክር በበኩሌ ስጋት ኖሮኝ አይደለም።

ስሜ ሰሚራ ዩኑስ ይባላል። የሚያገኟቸው ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ረስተውኝ እንደሆነ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለችው ጠባብ ሱቅ የሴት የእጅ ቦርሳ እየነደፍኩ የምሰፋው እኔ ነኝ። ባለፈው ነሐሴ፣ የቡሄ ሰሞን፣ ያን ሁሉ ዝናብና ጭቃ ንቀው ሱቄ ድረስ በእግርዎ መምጣትዎን እስከ ዛሬ በአድናቆት አነሳለሁ። ከሥራዎቼ መካከል ሦስቱን፣ አንዱን ከበግ፣ አንዱን ከፍየል፣ አንዱን ከበሬ ቆዳ የተሠራውን መርጠው፣ "ሕዝቡ የቆዳን ዓይነት ለይቶ እንዲያውቅ፣ የትኛው እንደሚበረታ፣ የትኛው እንዴት እንደሚያዝ እንዲማር ለአውደ ርዕዩ ያውሱን፤ እንዳለቀ እኔ ራሴ አመጣልዎታለሁ" አሉኝ። ስለ ቆዳ አያያዝ የሚጨነቅ ባለሥልጣን በዘመኔ አየሁ ብዬ፣ ሦስቱንም በንጹህ ጨርቅ ጠቅልዬ በሁለት እጄ አስረከብኩዎ።

አውደ ርዕዩ በሰላም ተጠናቀቀ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ወንበሩ ተሰበሰበ፣ የእኔ ቦርሳዎች ግን የሉም። ጽሕፈት ቤትዎ ብቅ ባልኩ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነበር፦ "በጥናት ላይ ናቸው።" ጥናት በጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰርግ ቤት፣ በድንች ጭነትና በውሻ ጥርስ መካከልም እንደሚካሄድ ባለማወቄ ነው እንጂ፣ ያን ያህል ደጅ በመጥናት ባላስቸገርኩዎ ነበር። አሁን ግን የጥናቱ ውጤት በየተራ እጄ ስለገባ፣ እርስዎ ለሕዝብ ለማስተማር ጊዜ ያጡበትን ትምህርት እኔ በእርስዎ ስም ላቀርበው ተነስቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ በግ ቆዳ።

የበግ ቆዳ ከሁሉ ለስላሳ ነው። ሲዳስሱት የሕፃን ጉንጭ ይመስላል፤ ክብደት የለውም፣ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፣ ቀለምም ደስ ብሎት ይቀበላል። ጉድለቱም ያው ልስላሴው ነው፤ ጥፍር ይጭረዋል፣ ሸክም ሲበዛበት ይለጠጣል፣ አንዴ ከተለጠጠ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ የበግ ቆዳ ቦርሳ ያላት ሴት መሀረቧንና ስልኳን፣ ቢበዛ መስታወቷን ትይዝበታለች፤ ቤቷ ስትገባም ሆዱን በወረቀት ሞልታ መደርደሪያ ላይ ታሳርፈዋለች እንጂ በማንገቻው ሚስማር ላይ አትሰቅለውም።

ይህን ቦርሳ እንደገና ያየሁት በመስከረም፣ ነጋዴው ሱልጣን ሐሙሲት ላይ ልጁን ሲድር፣ በክብርት ባለቤትዎ ትከሻ ላይ ነው። አጠገባቸው የተቀመጠች እንግዳ፣ "እንዴት ያምራል! ከየት የተገኘ ነው?" ብትላቸው፣ "ደምሴ ለሥልጠና ውጭ በሄደ ጊዜ ያመጣልኝ ነው፤ የጣልያን ዲዛይነር ሥራ ነው" አሉ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ።

"እትዬ፣ እስቲ ልዳስሰው?" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"ተይ እባክሽ፣ እጅሽ ቅባት አለው። የጣልያን ቆዳ ቅባት አይወድም" ብለው ቦርሳውን ወደ ማዶ አዞሩት።

በዚህ አልተቀየምኩም። እንዲያውም በአውደ ርዕዩ ላይ አንድም ተናጋሪ ያላነሳውን ቁም ነገር ተናገሩ፤ እውነት ነው፣ የበግ ቆዳ በቅባት እጅ አይነካም። ትንሽ ግር ያለኝ ሌላ ነገር ነው። በውስጥ ኪሱ ገበር ላይ "ሰሚራ፣ ደብረ ታቦር" የሚል ማኅተም አለ፤ ጣልያኖች ስሜን በገዛ ፊደላችን ማተም መጀመራቸውን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ይህን ጮክ ብዬ ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ሙሽራይቱን አየሁና የሰው ደስታ በእኔ ቦርሳ ምክንያት ለምን ይደፍርስ ብዬ ዋጥኩት። ድግሱ ሲያልቅ ወይዘሮ ዘነበች የቤታቸውን ቁልፍ ሁሉ፣ ጃንጥላቸውን፣ የሽቶ ጠርሙሳቸውን፣ በላዩም ላይ ለቤት የተቋጠረላቸውን ድፎ ዳቦ ጨምረውበት ብድግ አሉ። ቦርሳው እንደ ታላቢ ላም ግት እየተወዛወዘ ተከተላቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍየል ቆዳ።

ፍየል ገደል ለገደል ስትንጠላጠል፣ እሾህ ሲቧጭራት ኖራ ቆዳዋን ለመከራ ያዘጋጀች ፍጥረት ናት። ቆዳዋ እንደ በግ ቀላል ነው፣ ግን አይለጠጥም፤ ፊቱ ላይ ያለው ደቃቅ ሽብሽብ ጭረቱን ይደብቃል፤ ካፊያም ቶሎ አይዘልቀውም። አባቶቻችን እህል የሚጭኑበትን አቁማዳ ከፍየል ያደረጉት በከንቱ አይደለም። ቢረጥብ በጥላ ይደርቃል፣ ቢቆሽሽ በለስላሳ ጨርቅ ይታበሳል፣ ከዚያ ሌላ ጣጣ የለበትም።

ይህኛው ቦርሳ ሳልፈልገው በራሱ ጊዜ ነው ወደ ሱቄ የመጣው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሙላቴ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ሾፌር፣ ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳ አንጠልጥሎ ገባና፣ "እታለም፣ ይህችን ማንገቻ ይቀጥሉልኝ እስቲ" አለኝ። ገና ከበሩ አወቅሁት። ገበሩ ውስጥ የድንች አፈር አለ፤ ሥሩ ግራሶ ነክቶታል፤ ቆዳው ግን አንድም ቦታ አልተቀደደም።

"ከየት አገኘኸው?" አልኩት።

"ጋሼ ደምሴ ሸለሙኝ፤ ጎበዝ ሾፌር ነህ ብለው።"

"ምን ትይዝበታለህ?"

"ምን ያልያዝኩበት አለ! ከጉና ስወርድ ድንች አመጣበታለሁ፤ ጎማ ስቀይር እንበረከክበታለሁ፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ ራሴ ላይ ነው። እታለም ይሙቱ፣ ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ!"

ክቡር ሆይ፣ በዚህ መንገድ ለእጄ ምርቃት ስላስገኙልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ገበሩን ገልብጬ ማኅተሙን ባሳየሁት ጊዜ ምስኪኑ ሙላቴ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ስለ ነገሩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የድንቹን አፈር በገዛ ነጠላው ጠርጎ ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"እና ጋሼ ደምሴ የት አደረስከው ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?" አለ።

"በጥናት ላይ ነው በላቸው" አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የበሬውን ግን ጋሼ ራሳቸው ይዘውታል፤ ቢሮ ምድጃ አጠገብ አስቀምጠው በየጊዜው ቅቤ ይቀቡታል" አለኝ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የደነገጠው።

ሦስተኛ፣ ስለ በሬ ቆዳ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሲያነቡ ቢቻል ለብቻዎ ይሁኑ።

የበሬ ቆዳ ወፍራም፣ ከባድና ግትር ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ አማት ፊቱን ያኮሳትራል፤ ሲውል ሲያድር ግን እጅ ይለምዳል፣ ያብረቀርቃል፣ ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። ጠላቶቹ እሳትና ፀሐይ ናቸው፤ ያደርቁትና ይሰነጥቁታል። አልፎ አልፎ በጥቂት ሰም ማሸት ይበቃዋል። ቅቤ ግን ዘልቆ ይገባና እዚያው ይቀራል፣ ሲከርምም ይሸታል።

እርስዎ ምድጃ አጠገብ ያስቀመጡት በሬ ስም ነበረው። ቦራ ይባላል። የጋፋቱ ገበሬ የአያ እሸቴ የእርሻ በሬ ነበር። ሲያርሱበት እግሩ ተሰብሮ በታረደ ጊዜ፣ አያ እሸቴ ቆዳውን ለነጋዴ መስጠት እምቢ ብለው በትከሻቸው ተሸክመው ሱቄ መጡ። "ቁርበት አድርጌ እንዳልተኛበት እንቅልፍ አይወስደኝም" አሉኝ። "ልጄ ሰላማዊት ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። እስከ ዛሬ ደብተሯን የገዛላት እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ይሸከምላት።" እኔም ቆዳውን አስለፍቼ፣ ቦርሳውን ለብዙ ዓመት እንዲሆናት አድርጌ ሰፋሁት። እርስዎ ለአውደ ርዕዩ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የሰው ዕቃ ነውና ፈቃዳቸውን ሳልጠይቅ አላስረከብኩም። "ይታይልኝ! ቦራን አገር ይየው!" ነበር ያሉኝ፣ እንደ ሙሽራ አባት ደስ ብሏቸው።

ጥቅምት ላይ ሰላማዊት የምትሄድበት ቀን ደረሰ፤ ማልደው አባትና ልጅ ሱቄ መጡ። የማሳያቸው ቦርሳ ስላልነበረኝ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አያ እሸቴ ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና፣ "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" አሉ። እኔን ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሦስታችን ተያይዘን ጽሕፈት ቤትዎ መጣን። ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልን። የስብሰባው ርእስ የአውደ ርዕዩ ስኬት ግምገማ ነበር፤ ስኬቱ ብዙ ስለሆነ ይመስለኛል ስብሰባው አላለቀም። በሩ ላይ ቆመን ሳለን የሳቅ ድምፅ ይሰማን ነበር፤ የሥራ ፍቅር እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። በመጨረሻ የሚኒባሱ ረዳት "ባሕር ዳር! የቀረ! ባሕር ዳር!" እያለ ሲጣራ አባቷ ሮጥ ብለው ከመንገድ ዳር አንድ ቆዳ መሳይ ቦርሳ ገዙላትና ልብሷንና ደብተሯን እዚያው አስፋልት ላይ ጠቀጠቁላት። ልጅቷ የአባቷን ፊት አይታ፣ "አባዬ፣ ግድ የለም፤ ቦራ ቀስ ብሎ ይደርስልኛል። ድሮስ መቼ ፈጣን ነበር?" አለቻቸው። አያ እሸቴ ሳቁ፤ ሚኒባሱ ከዓይን ሲርቅ ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ስለ ቆዳ መሳይ ብዙ አልልም። ላዩን ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው፤ ሲገዙት ከእውነተኛው የበለጠ ያብረቀርቃል፣ ሲይዙት ደግሞ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጣል። አያያዙም ምንም አይፈልግም፤ ምን ቢያደርጉለት አይቆይምና። ሐሙሲት ላይ መንገደኛው ወርዶ ሲሳፈር የሰላማዊት ቦርሳ ማንገቻው ተነቅሎ ወደቀ፤ አፉ ተከፍቶም ልብሷና ደብተሯ የገበያ ከብት በረገጠው ጭቃ ላይ ተበተነ። ቤተሰብ ያላየውን የሴት ልጅ ልብስ የማታውቃቸው ሰዎች ከጭቃ እየለቀሙ አቀበሏት። ይህን በስልክ የነገረችኝ ራሷ ናት።

"እትዬ ሰሚራ፣ ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ። ቦርሳው ደህና ነው ብዬዋለሁ" አለችኝ። ድምጿ እየተቆራረጠ ነበር፤ የስልኩ ኔትወርክ ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም። ያን ቀን ወስፌ አልያዝኩም።

ክቡር ሆይ፣ የቀረውን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ እኔ የሰማሁት ከሙላቴና ከአያ እሸቴ ስለሆነ ብሳሳት ያርሙኝ። ኅዳር ላይ እንግዶች መጥተውልዎ የድሮውን የብረት ማቅለጫ ቦታ ሊያሳዩ ወደ ጋፋት ይዘዋቸው ወረዱ። ቦርሳው በትከሻዎ ላይ ነበር። ወራት የጠገበው ቅቤ በቀትር ፀሐይ ሲቀልጥ፣ ከከተማው ዳር ጀምሮ ውሾች አንድ በአንድ ከኋላዎ መሰለፍ ጀመሩ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ "ውሾቹ እንዴት ይወዱዎታል!" ቢልዎ፣ "የአካባቢው ኅብረተሰብ ከእኛ ጋር ያለው ትስስር የጠበቀ ነው" ብለው እንደ መለሱ ሙላቴ ምሎ ነግሮኛል። እኔ አላመንኩትም።

ማብራሪያ ለመስጠት ቦርሳውን ከካቡ ላይ አስቀምጠው እጅዎን ባወናጨፉ ጊዜ፣ ነብሮ የሚባል ውሻ ማንገቻውን ነክሶ በእግር መንገዱ ቁልቁል ሮጠ። እርስዎ ተከተሉት፣ ሙላቴ እርስዎን ተከተለ፣ እንግዶቹም ይህ የጉብኝቱ ክፍል መስሏቸው ሁለታችሁን ተከተሉ። ውሻው የገባበት ግቢ የአያ እሸቴ ነው።

አያ እሸቴ እንግዳ ሲመጣ ማንነቱን ሳይጠይቁ የሚያስተናግዱ ሰው ናቸው። "ግቡ፣ እንደምን ዋላችሁ፣ አረፍ በሉ" አሉ፤ ባለቤታቸው እመት ውዴም ፈጥነው ቁርበት አነጠፉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ማንሳት ትልቅ ነውር ነው፤ እርስዎ አንጥፉልኝ አላሉም፣ ሳይጠይቁ ነው የተነጠፈልዎ።

"ለመቀመጥ አልመጣሁም። ውሻዎ የኮሚቴውን ንብረት ወስዷል" አሉ እርስዎ፣ ቦርሳውን እያመለከቱ።

አያ እሸቴ ከውሻው አፍ ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

"ይሄማ ቦራ ነው" አሉ።

"ቦራ ማነው?"

"በሬዬ።"

እንግዶቹ ሳቁ። አያ እሸቴ አልሳቁም። ክዳኑ ላይ አንድ ጠባሳ አለ፤ ቀንበር ያቆሰለው ነው። ስሰፋው ሆን ብዬ ከፊት አድርጌዋለሁ፤ እውነተኛ ቆዳ የኖረበትን ያሳያል፣ ጠባሳ የሌለው ቆዳ መሳይ ብቻ ነው። አያ እሸቴ የእርስዎን እጅ ይዘው በቀስታ ከጠባሳው ላይ አስቀመጡት።

"ይህን ቁስል አንድ ክረምት ሙሉ አጥቤዋለሁ" አሉ። "እሱ ሲያመው እኔ ቀንበር መጫን እየሰጋሁ ያረስኩት ማሳ፣ ይሄውልዎ፣ ከቤቱ ጀርባ ነው። ጌታዬ፣ ምን ሊያደርግልዎ ወሰዱት?"

ማንም ሳቅ አልደገመም። እርስዎም ጉሮሮዎን ጠርገው፣ "ለጥናት ነው" አሉ።

"ጥናቱ አለቀ?"

"አልቋል።"

"እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ልጄ ትያዘው።"

እመት ውዴ ቦርሳውን ተቀብለው ውስጡ ያለውን፣ መነጽርዎን፣ የኮሚቴውን ማኅተም፣ የተበላ ዳቦ ቁራጭ፣ አንድ በአንድ አውጥተው በፌስታል ከተቱልዎ። "አቧራ እንዳይገባበት አፉን ቋጥሬልዎታለሁ ጌታዬ" ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡዎ። እርስዎም ፌስታሉን ይዘው ዳገቱን ወጡ። ውሾቹ የተከተሉዎ እንደሆነ ሙላቴን ብጠይቀው፣ "እታለም፣ አንድም አልተከተለም" አለኝ፤ ሰው ከሥልጣን ሲወርድ እንዲህ ነው ልል ነበር፣ ግን እርስዎ ገና አልወረዱም።

ቦርሳው ወደ እኔ የመጣው ሽታው ቀድሞት ነው። በደረቅ ዱቄት እየሸፈንኩ ቅቤውን አስመጠጥኩት፤ ረጠብ ባለ ጨርቅ አበስኩት፤ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አደረቅሁት፤ ከምድጃው ወገን ያለው ጎን መሰንጠቅ ጀምሮ ነበርና ደጋግሜ በሰም አሸሁት። የነብሮ ጥርስ ከታች ማዕዘኑ ላይ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነጥብ ትቶበታል፣ ግን አልበሳውም። የበሬን ቆዳ ብርታት ለሚጠይቀኝ ደንበኛ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ስለሌለኝ፣ ስለዚህም ባለ ውለታዬ ነዎት።

አያ እሸቴ ቦርሳውን በማንም እጅ አላኩም፤ ራሳቸው ተሳፍረው ወሰዱት። የዩኒቨርሲቲው ዘበኞች አያስገቡም ብለዋቸው በር ላይ፣ ቦርሳውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። ሰላማዊት ከጓደኞቿ ጋር ከሩቅ ስትመጣ አየቻቸው። ጓደኞቿ "እንዴት ያለ ዲዛይን ነው፣ ማን ሠራው?" እያሉ ሲዳስሱት፣ እሷ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ የአባቷን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለችና ቶሎ ቀና አላለችም። የሐሙሲቱን ነገርም ያን ጊዜ ነው የነገረቻቸው። አያ እሸቴ ይህን ሲያጫውቱኝ፣ "አለቀሰች እንዴ?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ እኔም በደንብ አላየሁ" አሉኝ።

አራተኛ የሚባል ነጥብ አልነበረኝም። ነገር ግን በቅርቡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የኮሚቴውን ሪፖርት ባነበብኩ ጊዜ፣ "ሦስት የቆዳ ውጤቶችን በተሳካ ሁኔታ ለተጠቃሚዎች አስተላልፈናል" የሚል አረፍተ ነገር አገኘሁ። ቋንቋው ስላስደነቀኝ ብቻ ነው የጠቀስኩት። እኔ "አደራ በላ" ከማለት ሌላ ቃል አልተማርኩም ነበር፤ ለካ በጨዋ አማርኛ "ለተጠቃሚ አስተላለፈ" ይባላል። ሰው ሲማር ይኖራል።

የበጉን ቦርሳ በተመለከተ እንዲመለስልኝ አልጠይቅም። ድፎ ዳቦ የተሸከመ የበግ ቆዳ ለሽያጭ አይሆንም፤ እንኳን ለእኔ ለጣልያኖቹም አይጠቅም። ለክብርት ባለቤትዎ ግን በአክብሮት ይህን ምክር ያድርሱልኝ፦ ሆዱን በወረቀት ይሙሉት፣ በማንገቻው አይስቀሉት፣ ሽቶ አያስነኩት፣ ስለ ትውልድ አገሩም ሲናገሩ መጀመሪያ የውስጥ ኪሱን ቢያዩት መልካም ነው።

ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ግልጽ አድርጌ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ፤ ያን ያህል አቅም ያለው ደብዳቤ ገና አልተጻፈም። በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ጥናት ውስጥ ስለገቡብኝ፣ ይህኛውን ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ ብዬ ነው።

በመጨረሻም፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ ትከሻዎን ከሰው ዕቃ ያሳርፍልዎ እያልኩ፣ በሌሉበት ስምዎን የሚያነሱትን፣ ባሉበት ደግሞ ቦርሳቸውን ብብታቸው ውስጥ አጥብቀው የሚይዙትን የከተማችንን ሴቶች ሁሉ ወክዬ፣ ዘወትር የማከብርዎና ዘወትር ከዓይኔ የማልለይዎ፣

ሰሚራ ዩኑስ
ቦርሳ ሰፊ፣ ደብረ ታቦር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጪው ዓመት አውደ ርዕይ የቆዳ ጫማ እንድናቀርብ የላኩልን የጥሪ ወረቀት ደርሶኛል። ጥናቱ በመጥበብ ወይም በመስፋት ምክንያት እንዳይጓተት፣ የእግርዎን ቁጥር፣ የወይዘሮ ዘነበችንም ጨምረው፣ ከወዲሁ ቢልኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።